ለማዳበሪያ ከሰል ምስጋና

እኛ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሰዎች ጠንቃቆች ነን። መንግሥት ስለ ንጹሕ ኃይል ሲናገር እናምናለን። እናምናለን፤ ግን ከሰል እንገዛለን።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ህዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም በረንዳ ላይ ነበርን። 5,150 ሜጋ ዋት ቀልድ አይደለም። የፊት ለፊት ጎረቤቴ እማማ እልልታውን አቀለጡት። የተደገፉት ግን አንድ ማዳበሪያ ከሰል ነበር። አርቆ ማሰብ ይሏል እንዲህ ነው።

የበዓል ዋዜማ ደግሞ ጥበባችን ይደምቃል። ብሎኩ በሙሉ በአንድ ሰዓት ምጣዱን ይሰካል። አንዱ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። ትራንስፎርመሩም ያቅሙን ታግሎ ጧ ይላል። ማን ይደነግጣል? ሊጡ ወደ ጋራ ማብሰያችን፣ ወደ ኮሚናል፣ ወርዶ በእንጨት ይጋገራል፤ ዶሮ ወጡ በረንዳ ላይ በከሰል ይንተከተካል። ከአንደኛ ፎቅ የተነሳ ጭስ እስከ አራተኛ ድረስ ሳያዳላ ሁሉንም ቤት ይጎበኛል። ጉርብትናችንን ያጠነከረው እሱ ነው። (በርና መስኮት ዘግተው የሚያቀጣጥሉም አሉ። በእነሱ ላይ መቀለድ አልቻልኩም።)

መብራት ባይጠፋስ? አንድ ቀን እማማን ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ያፍሉት ብዬ ተሳሳትኩ።

«የኤሌክትሪክ ቡና ደግሞ ምን ቡና ነው ልጄ?» አሉኝ።

አገሪቱ ኤሌክትሪኳን ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውሃና ከነፋስ ታገኛለች። በተለመደው ባህላዊ ዘዴ አንድ ኪሎ ከሰል ለማክሰል ደግሞ ከአምስት ኪሎ የማያንስ እንጨት ይነዳል። ይሄ ሒሳብ ግን ሦስተኛ ቡና ላይ አይነሳም።

ከሁላችን የሚበልጠው የታችኛው ብሎክ ሰውዬ ነው። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ሲከለከል ቀድሞ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። አትጮህ፣ አታጨስ። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩን ጎትቶ አውጥቶ በቤንዚን ቻርጅ ያደርጋታል። መኪናዋ ዛሬም ጭስ አታውቅም። የሚያጨሰው አጠገቧ የቆመው ነው።

በ2020 የዓለም መንግሥታት ስለ አየር ንብረት ሊመክሩ አዲስ አበባ ይመጣሉ፤ ኮፕ 32 ይሉታል። ለእማማ ነገርኳቸው። እንግዳ ሲባል አይችሉም፤ ከአሁኑ አንድ ማዳበሪያ ለብቻው አስቀምጠዋል።