ደራሲዋ የካደቻት ሴት

አሜሪካዊቷ ሜሪ ዊልኪንስ ፍሪማን በፈረንጆቹ 1890 ዓ.ም. «የእናት አመፅ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ አሳተመች። ታሪኩ በጣም ተወደደላት። በ1917 ግን ራሷ ደራሲዋ ተነስታ ታሪኩ እውነት የለውም አለች። እንዲህ ያለች ሴት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ባለው በኒው ኢንግላንድ ገጠር ኖራ አታውቅም፤ ብትኖርም ወኔው አይኖራትም ነበር ብላ ጻፈች።

እኔ በዚህ ከደራሲዋ ጋር አልስማማም።

የታሪኩ ሴት ሳራ ፔን ትባላለች። ባሏ አዶናይራም ሲያገባት አዲስ ቤት ሊሠራላት ቃል ገብቶ ነበር። ቦታውም ተመርጧል። አርባ ዓመት አለፈ፣ ሳራ ግን አሁንም በዚያችው ጠባብ ቤት ናት። አሁን ደግሞ ባልየው ለከብቶቹ ሌላ ትልቅ ጋጣ መሥራት ጀመረ፤ ያውም ለቤቱ በተመረጠው ቦታ ላይ! ልጃቸው ናኒ ልታገባ ነው። ሠርጓ የሚደረግበት ደህና ክፍል የለም።

ሳራ ባሏን ጠርታ ቤቱን ታስጎበኘዋለች። የግድግዳውን ያረጀ ወረቀት ታሳየዋለች። አርባ ዓመት የተኛችባትን ትንሽ ክፍል ታሳየዋለች። ልጆቿ ሁሉ የተወለዱት እዚያ ነው፤ የሞቱት ሁለቱም፣ በሕይወት ያሉት ሁለቱም። የእሱ መልስ «የምናገረው የለኝም» ነው። በቃ። እሷም ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የሚወደውን ፓይ ትጋግርለታለች፣ ሸሚዙን ትሰፋለታለች።

ከዚያ ባልየው ፈረስ ሊገዛ ወደ ቬርሞንት ይሄዳል። ጋጣው አልቋል፣ ላሞቹ ግን ገና አልገቡም። ሳራ ሳህኖቹን በቅርጫት አድርጋ መሸከም ትጀምራለች። ልጆቿም ይከተሏታል። በአንድ ቀን ቤቱ በሙሉ ወደ ጋጣው ይዛወራል። የመንደሩ ፓስተር ሊመክራት ሲመጣ አተር እየፈለፈለች ያገኛታል። ደጋግሜ አስቤበታለሁ፣ ያደረግኩት ትክክል ነው ትለዋለች። ከአዲሶቹ ላሞች አንዷ በድሮው ቤት ውስጥ፣ የሳራ ምድጃ ቆሞበት በነበረው ቦታ ትታሰራለች። ይህችን ዝርዝር ሳነብ ፍሪማን ምን ያህል ትልቅ ደራሲ እንደሆነች ገባኝ።

እንግዲህ ይህቺ ሴት የምትታመነው ለምንድን ነው? ጀግና ስለሆነች አይደለም። ጠየቀች፣ አሳየች፣ ለመነች፣ ዝም አለች። ጊዜው ሲመጣ ያደረገችው ዕድሜ ልኳን የምትችለውን ሥራ ነው፦ ዕቃ ተሸከመች፣ ጠረገች፣ ምድጃ አቀጣጠለች። ባሏ ሲመለስም የሚወደውን እራት አዘጋጅታ ነው የጠበቀችው። ትዳሯን ጥላ አልሄደችም። ገንዘቡም መሬቱም በባሏ እጅ የሆነ የገበሬ ሚስት ከዚህ ሌላ ምን መንገድ ነበራት?

የፍሪማን ሌሎች ታሪኮችም ለሳራ ይመሰክሩላታል። ሄቲ ፊፊልድ የምትባል ማደሪያ ያጣች አሮጊት አለች። የቤተክርስቲያን ጠራጊና ደወል ደዋይ ልሁን ብላ ትጠይቃለች። ሴት እንዲህ ሆና አታውቅም ይሏታል። ሄቲ ግን ምድጃዋንና አልጋዋን ይዛ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ትገባለች። ምእመናኑ በጸሎት ሰዓት የጎመን ሽታ ይረብሻቸዋል። ሊያስወጧት ሲመጡ ከጎኗ የሚቆሙት የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ሉዊዛ ኤሊስ ደግሞ እጮኛዋን ከአውስትራሊያ እስኪመለስ አሥራ አራት ዓመት ትጠብቀዋለች። ሲመጣ ልቡ ሌላ ሴት ጋ እንዳለ ትሰማለች። በሰላም ታሰናብተዋለች፣ ብቻዋን መኖሩንም ትመርጣለች። እነዚህን ሁሉ የፈጠረች ደራሲ ሳራን ብቻ ውሸት ናት ማለቷ አይዋጥልኝም።

ፍሪማን ይህን ሕይወት በሩቁ አልነበረም የምታውቀው። በ1852 ማሳቹሴትስ ውስጥ ራንዶልፍ ተወለደች። የአባቷ ንግድ ሲከስር እናቷ በአንድ ቄስ ቤት የቤት ሠራተኛ ሆነች፤ ቤተሰቡም እዚያው ገብቶ ኖረ። እናቷ በ1880 ሞተች። የራሷ ቤት የሌላት እናት ልጅ ናት እንግዲህ የሳራን ታሪክ የጻፈችው። ያኔ የኒው ኢንግላንድ መንደሮች እየሳሱ ነበር። ብዙ ወንዶች በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አልቀዋል፣ ሌሎቹ ወደ ምዕራብ ወይም ወደ ከተማ ፋብሪካ ሄደዋል። የቀሩትን ሴቶች ከልቧ የጻፈችላቸው እሷ ናት።

ታዲያ በ1917 ለምን ካደቻት? ለእኔ የሚመስለኝ ሰው ሁሉ ይህን አንድ ታሪክ ብቻ እያነሳ ሌላውን ሥራዋን ስለረሳባት ተሰላችታ ነው። ስሜቷ ይገባኛል። ግን የደራሲ መሰላቸት በታሪኩ ላይ ፍርድ ሊሆን አይችልም።

ለአማርኛ ተርጓሚዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። በ1887 እና በ1891 የወጡት ሁለቱ የፍሪማን መድብሎች የቅጂ መብታቸው ካበቃ ቆይቷል። ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ታሪኮቹ አጫጭር ናቸው፤ ጋዜጣ ላይም መጽሔት ላይም በየተራ ሊወጡ ይችላሉ። ከሄቲ ቢጀመር ደስ ይለኛል። ሳራን ብዙ ሰው አወድሷታል፤ ሄቲን ግን የሚያነሳት ጥቂት ነው።