ማስተካከያ፦ የአጥሩ ቋሚ 12 ብቻ አይደለም

ባለፈው መልመጃችን «ቡሬ አካባቢ ያለ ገበሬ በ60 ሜትር አጥር ላይ በየ5 ሜትሩ የባሕር ዛፍ ቋሚ ቢተክል ስንት ቋሚ ያስፈልገዋል?» ብለን ጠይቀን፣ መልሱን 12 ብቻ አድርገን ነበር። 13 ነው ብለው የተከራከሩን አንባቢዎች ስሕተት አልሠሩም፤ ያጠፋነው እኛ ነን።

60 ለ5 ሲካፈል የሚገኘው 12 የክፍተቱ ቁጥር ነው፣ የቋሚው አይደለም። አጥሩ ቀጥ ያለ ሆኖ በሁለቱም ጫፍ ቋሚ ካለው 13 ይሆናል። አንዱ ጫፍ ከቤት ግድግዳ ጋር ከተያያዘ 12፣ ሁለቱም ከተያያዙ 11። ዞሮ የሚገጥም አጥር ከሆነ የመጀመሪያው ቋሚ የመጨረሻውም ስለሆነ 12 ይበቃል። እኛ ያሰብነው ይህንን ነበር፤ ግን አልጻፍነውም፣ ያልተጻፈን ነገር ደግሞ ተማሪ እንዲያውቅ መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

ዙሪያ ነው ብንልም ማዕዘኑ ያከራክራል። 20 በ10 ሜትር ለሆነ ጓሮ 12ቱ ቋሚዎች አራቱንም ማዕዘን ይይዛሉ። 18 በ12 ቢሆን ዙሪያው ያው 60 ነው፤ ከአንድ ማዕዘን ተነሥተን በየ5 ሜትሩ ስንቆጥር ግን 18ኛውና 48ኛው ሜትር ላይ ያሉት ማዕዘኖች ባዶ ይቀራሉ። ማዕዘን ላይ ቋሚ ከሌለ ሽቦው ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ 14 ያስፈልጋል።

የተስተካከለው ጥያቄ፦ «20 በ10 ሜትር የሆነ ጓሮ ዙሪያውን ሲታጠር፣ ከአንድ ማዕዘን ጀምሮ በየ5 ሜትሩ ቋሚ ቢተከል ስንት ቋሚ ያስፈልጋል?» መልስ፦ 12።