ሠላሳ ስምንት ዓመት የዘገየ ሒሳብ

ለንደን ውስጥ በተጠራሁበት የእንግሊዞች ሠርግ ላይ፣ ድግሱ ሞቅ ሲል አንድ የቆየ ዘፈን ተከፈተ። ዘፋኙ ገና ድምፁን ሳያሰማ የኦርጋኑ መግቢያ ብቻ የአዛውንቱን ሁሉ ፊት አፈካው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ያንጎራጉሩ የነበረው ግጥሙን ሳይሆን ኦርጋኑን ነው።

ዘፈኑ ፕሮኮል ሃረም የተባለው የሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው «ኤ ዋይተር ሼድ ኦፍ ፔል» ነው። ኦርጋኑን የተጫወተው ማቲው ፊሸር ያኔ የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ የጀርመናዊውን የጥንት የሙዚቃ ደራሲ የባኽን ለዛ የተላበሰውን ያን ዜማም ያመጣው እርሱ ነው። ዘፈኑ በብሪታንያ ለስድስት ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ፣ በደራሲነት የተመዘገቡት ግን ዘፋኙ ጋሪ ብሩከርና ገጣሚው ኪት ሪድ ብቻ ነበሩ። ፊሸር በ1969 ባንዱን ለቀቀ፤ ኋላም የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ ሆነ።

ክስ የመሠረተው በ2005 ነው። በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤቱ ከዜማው 40 በመቶው የእርሱ ነው አለ። የይግባኝ ችሎቱ በ2008 ደራሲነቱን አጽድቆለት፣ ዘግይተሃልና ገንዘብ አይገባህም ብሎ መለሰው። በሐምሌ 2009 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ ድርሻውን አስመለሱለት፤ የሚከፈለው ግን ክሱን ከመሠረተበት ጊዜ ወዲህ ላለው ብቻ ነው። የቀደሙት ዓመታት እንደወጡ ቀሩ።

ይህን ሳነብ አዲስ አበባ የምንገዛቸው ካሴቶች ትዝ አሉኝ። ሽፋኑን ገልጠን «ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ» የሚለውን እስከ ታች እናነብ ነበር። እንግሊዛዊው በሦስት ችሎት ያገኘውን ስም የእኛው አቀናባሪ በአንድ ብር ከሃምሳ ወረቀት ላይ ያገኘዋል ብዬ ኮራሁ። ኩራቱ ብዙ አልቆየም፤ ሽፋኑ ላይ ስሙ የሰፈረ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች አውቃለሁና። ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ማሲንቆውንም ከአንድ ኪቦርድ እያወጣ ሙሉ ካሴት አቀናብሮ አንድ ጊዜ ተከፈለው፤ በቃ። ዘፈኑ ዛሬም በየሠርጉ ይጨፈርበታል። ሕግ አልነበረም እንዳንል፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣበት ከ1996 ዓ.ም. ወዲህም ወዳጄ አልጠየቀም።

ለምን አትጠይቅም ስለው «ከዘፋኙ ጋር እኮ አበልጅ ነን» አለኝ። ይሉኝታ የሀበሻ በሽታ ነው ልል ስል ፊሸር ትዝ አለኝ። እርሱም ጥያቄውን ቢገፋ ከባንዱ እንዳይባረር ፈርቶ እንደነበር በችሎቱ ተነስቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባንዱ ውስጥ ተመልሶ ከብሩከር ጋር መድረክ ሲጋራም ክስ አላነሳም። የከሰሰው ተለያይተው ካበቁ በኋላ ነው። ልዩነቱ፣ ይሉኝታው ያለቀ ቀን የሚሄድበት በር መኖሩ ላይ ነው።

የፊሸርን ታሪክ ለወዳጄ በስልክ አጫወትኩት። «ስንት በመቶ አልከኝ?» አለ። አርባ አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «እኔ ግን ያቺን የራሴን መግቢያ ዛሬ ብሠራት ኖሮ አሳጥራት ነበር፤ ትንሽ ረዝማብኛለች» አለኝ።