ጥቃቅኑን ድንች ለዘር?

ስለ ድንች «ትልልቁን ብሉ፣ ጥቃቅኑን ለዘር አስቀሩ» የሚል ምክር አለ። ሐረር ጓሮ ውስጥ ነባሩን ድንች ከሚያደክሙት ነገሮች አንዱ ይኸው ምክር ነው። ትንሽነቱ ብቻውን ጥፋት የለበትም፤ ነገር ግን በቫይረስ የተያዘ ተክል ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ስለሚያፈራ፣ ከክምር ላይ ትንንሹን ሲለቅሙ በሽታውን አብረው ያስቀራሉ። አመድም ፍግም አያድነውም።

ዘር የሚመረጠው ተክሉ ሲያብብ ነው። ቅጠሉ ካልተጠቀለለ፣ ካልተዥጎረጎረና ካልቀጨጨ ተክል አጠገብ ምልክት እንጨት ይትከሉ፤ ሲደርስ ለብቻው ቆፍረው የእንቁላል መጠን ያለውን ያስቀሩ። ድንገት የጠወለገ ጎረቤት ተክል ካለው ግን ይተዉት።

የዘር ድንቹ ቀጥታ ፀሐይ በማይነካው ብርሃን ላይ በስሱ ሲዘረጋ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል፤ በጨለማ ግን ቀጭንና ተሰባሪ ይሆናል። አረንጓዴ መሆኑ ለዘር አይጎዳውም፣ ወጥ ውስጥ ብቻ እንዳይገባ! ሲተክሉ በተክሎች መካከል 30፣ በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር ይተዉ።