«ከጓደኛህ ተዋስ» ይላሉ፤ ከየትኛው ጓደኛ?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2025 በቴክሳስ የሚገኘውን የላኖ ካውንቲን ጉዳይ አላይም ብሎ መለሰው። ስለዚህ የአምስተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሜይ ውሳኔ በቴክሳስ፣ በሉዊዚያናና በሚሲሲፒ ጸንቷል። 17 መጻሕፍት ከካውንቲው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተነሡ፣ አንባቢዎች ከሰሱ፣ አሥር ዳኞች ለሰባት «በዚህ መክሰስ አትችሉም» አሏቸው። እንዲህ ያለውን ክስ ይፈቅድ የነበረውን የራሱን የፍርድ ቤቱን የ1995 ውሳኔ ሳይቀር ሻሩት።

ፍርዱ ራሱ ያናድዳል። እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ አንድ አረፍተ ነገር ነው። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ካይል ደንካን ማንም መጽሐፍ አልከለከለም ይላሉ። የፈለገውን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ያጣ ሰው ኦንላይን ማዘዝ፣ ከሱቅ መግዛት ወይም ከጓደኛ መዋስ ይችላል።

ከጓደኛ!

እስቲ አንድ መጽሐፍ እናስብ። ከላኖ 17 መጻሕፍት አንዱ አይደለም፤ ግን በዚህ ፍርድ ነገ ሊነሣ የሚችል ነው። እንደ ላኖ ባለች ትንሽ ከተማ ሁለት ወንዶች ይዋደዳሉ። አንደኛው ይፈራል። ሰው ፊት «አላውቀውም» ብሎ ይክደዋል፤ ከዚያ ከተማውን ጥሎ ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ አባቱ ሲሞት ቤቱን ሊሸጥ ይመለሳል። ያኛው እዚያው ነው፣ ጎሚስታ ከፍቶ ይሠራል። መኪናው ጎማ ሲተነፍስበት ሌላ የሚሄድበት የለም። ይቅርታ ይጠይቃል። ያኛው ዝም ብሎ ብሎኑን ይፈታል። ይቅርታው በአንድ ቀን አይገኝም፤ መገኘትም የለበትም። እንዲህ ያሉ ልብ ወለዶች ብዙ ናቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋቱ ፍቅሩ አይደለም። ጥፋቱ ክህደቱ ነው።

አሁን ይህን መጽሐፍ የሚፈልገው የላኖ ልጅ 17 ዓመቱ ነው እንበል። ከየትኛው ጓደኛው ነው የሚዋሰው? ለመዋስ መጠየቅ አለበት። መጠየቅ ደግሞ ራሱን መግለጥ ነው፤ ጠዋት የጠየቀውን ከሰዓት ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል። ኦንላይን ይዘዝ? ካርዱ የአባቱ ነው፣ ፓኬቱን በር ላይ የምትቀበለው እናቱ ናት። ከሱቅ ይግዛ? ትንሽ ከተማ ውስጥ ሻጩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላው የሚቀመጠው ሰውዬ ነው። ዳኛው የቆጠሯቸው ሦስቱም መንገዶች ለዚህ ልጅ ዝግ ናቸው።

ቤተ መጻሕፍት ግን ክፍት ነበር። ገብቶ ከመደርደሪያው ያነሣል፣ ጥግ ይዞ ያነባል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ማንም ምንም አይጠይቀውም። ቢዋስ እንኳ የቴክሳስ ሕግ የተዋሰውን ሰው መዝገብ በምስጢር ይጠብቃል። 21,000 ያህል ሰው በሚኖርበት ካውንቲ፣ ሰው ሳያየው አንብቦ የሚወጣበት ቦታ ሌላ የት አለ? ኒው ዮርክ ያለ ልጅ አንዱ ቢዘጋበት ወደ ሌላው ይሄዳል። የላኖው ልጅ ሦስት ቅርንጫፎች ብቻ ናቸው ያሉት፣ ሦስቱም ካውንቲውን በሚያስተዳድሩት ኮሚሽነሮች እጅ።

ደግሞ መጽሐፉ የሚያስፈልገው ለልጁ ብቻ አይደለም። ያንን ክህደት በወጣትነቱ የፈጸመ የ45 ዓመት ሰውም በዚያች ከተማ ይኖራል። ተመልሶ «በድዬሃለሁ» ማለት እንደሚቻል ከየት ይማር? ከስብከት? ከዚህ የበለጠ ስለ ንስሐ የሚናገር ታሪክ ካለ ያሳዩኝ። ስለ ይቅርታ ሌት ተቀን የሚሰብክ ማኅበረሰብ ይህን ታሪክ ከመደርደሪያ ማውረዱ አይገባኝም።

መጻሕፍቱ ይነሡ የሚሉት «ለልጆቻችን ብለን ነው» ይላሉ። ለአምስት ዓመት ሕፃን የማይሆን መጽሐፍ በአዋቂዎች ክፍል ይቀመጥ፣ በዚህ አልጣላም። ላኖ ያነሣው ግን እሱን ብቻ ነው? ከ17ቱ አንዱ የኩ ክሉክስ ክላንን ታሪክ ለወጣቶች የሚተርክ ነው። ሌላው አሜሪካን የሚገዛውን የዘር እርከን የሚተነትን የአዋቂ መጽሐፍ ነው። ይሄ ሕፃን ጥበቃ አይደለም። ከእኛም ሰው በፍርዱ «እሰይ» የሚል አለ። ዳላስና ሂዩስተን የምትኖሩ ወገኖች፣ ይህ ፍርድ የእናንተንም ቤተ መጻሕፍት ይመለከታል። ዛሬ የሁለት ወንዶችን ፍቅር ያነሣ ሹም ነገ የጥቁርን ወይም የስደተኛን ታሪክ ቢያነሣ፣ በየትኛው ሕግ ልትከራከሩት ነው? ሱዜት ቤከር የተባለችው ላይብረሪያን መጻሕፍቱን አላነሣም ብላ በማርች 2022 ከሥራ ተባረረች። በኋላ ክሷ በስምምነት ሲያልቅ 225,000 ዶላር ተከፈላት። ሥራዋን በትክክል ለሠራች ሴት ይህን ያህል መከራ!

ከተማ ሐሳቡን መቀየር እንደሚችል ደግሞ ሚሺጋን አሳይታናለች። የጄምስታውን ነዋሪዎች በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መጻሕፍት ምክንያት በኦገስት 2022 የፓትሞስ ቤተ መጻሕፍትን በጀት በድምፅ ጣሉት። በኖቬምበር ደገሙት። በሩ ሊዘጋ ነበር። ከየቦታው መዋጮ መጣ፤ የፍቅር ልብ ወለድ ደራሲዋ ኖራ ሮበርትስ ብቻዋን 50,000 ዶላር ሰጠች። በኖቬምበር 2023 ለሦስተኛ ጊዜ ድምፅ ተሰጠ፣ በጀቱም አለፈ። እነዚያው ጎረቤታሞች ናቸው የጣሉትም መልሰው ያጸደቁትም።

የላኖ ኮሚሽነሮች ይህን ያስቡበት። በኤፕሪል 2023 ቤተ መጻሕፍቱን ጭራሽ ለመዝጋት ተሰብስበው፣ ሕዝቡ ፊት ለፊት ሲናገራቸው ትተውታል። ፍርድ ቤቱ ማንሣት ትችላላችሁ አላቸው እንጂ አንሡ አላላቸውም። በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ አውጥተው 17ቱንም ሊመልሱ ይችላሉ፤ የሚከለክላቸው ዳኛ የለም። ይመልሱ።