ግብር ከፋይ መጠየቅ ክልክል ነው?

ግብር አንከፍልም አላልንም! ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ዛሬ ግብር ቢሮ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ እናቴን ያያት ግብር ልትሰውር እንደመጣች ሰው ነውና። የሄደችው ልትጠይቅ ነበር። በትክክል ልክፈል ብሎ የሚጠይቅ ሰው በየት አገር ነው እንደ ሌባ የሚታየው?

የእማዬን ሱቅ ታውቁታላችሁ። ቡናውና ጌሾው ጣና ሐይቅ ዳር ካለችው ከዘጌ በጀልባ ይመጣል፤ ግማሹ ከራሳችን ማሳ ነው፣ ግማሹን ከጎረቤት ትገዛዋለች። ዘጌ በበሬ አይታረስም፤ ኑሯችን ያው ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው ነው። የመሬት መጠቀሚያውና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብሩ በየዓመቱ በቀበሌ ተከፍሏል፤ አባቴ በሕይወት ሳለ የከፈለበት ደረሰኝ ሳይቀር በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የእማዬ ጥያቄ ታዲያ ምን ነበር? የእርሻ ግብር የከፈልኩበትን የራሴን ቡና ሱቅ ውስጥ ስሸጠው እንደገና ግብር አለበት ወይ? ቆልቼ፣ ፈጭቼ ስሸጠውስ? ከጎረቤት የገዛሁትን ደግሞ ወጪ ብዬ የማስይዘው በምን ማስረጃ ነው? ገበሬው እንደሆነ ደረሰኝ የለውም!

ይህ የሚያስንቅ ጥያቄ ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 የገበሬውንም የግለሰብ ነጋዴውንም ግብር ለክልል ሰጥቷል፤ ሁለቱንም የሚሰበስበው አንድ ክልል ነው። ቀበሌ ስትሄዱ ግን "የሱቁ ጉዳይ የከተማ ነው" ትባላላችሁ፤ ከተማ ስትመጡ "የእርሻ ጉዳይ እኛን አይመለከትም።" ገንዘቡን ለመቀበል ሁለቱም ክፍት ናቸው፤ ለጥያቄ ሲሆን ሁለቱም ዝግ።

ዝናቡ እየወረደብን ወረፋ ጠበቅን። ተራችን ደረሰ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደረሰኞቿን መስኮቱ ላይ ዘርግታ፣ "ልጄ፣ እንደምን ዋልህ?" አለችው። ሰላምታዋን አልመለሰም።

"መለያ ቁጥር!"

"አለኝ ልጄ፤ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር።"

"ማስታወቂያው ተለጥፏል፤ አንብቢ።"

"ዓይኔ ደክሟል ልጄ። አንተው ብትነግረኝስ?"

"እኔ የተቀጠርኩት ላስተናግድ እንጂ ላስተምርሽ አይደለም። ካልገባሽ የሒሳብ ባለሙያ ቅጠሪ። ቀጣይ!"

ይህን ብሎ ደረሰኞቹን በእጁ ጀርባ ገፋቸው። አንዱ ወለሉ ላይ፣ የሰው ጫማ ያመጣው ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ማኅተሙ እንዳይለቅ እፍ እፍ አለችበት። "ወንድሜ፣ የአንተ እናት ብትሆን እንዲህ ትላት ነበር?" አልኩት። "አንቺ ደግሞ ጠበቃዋ ነሽ? ወረፋ አታስተጓጉዪ!" ከኋላችን ከተሰለፈው ሕዝብ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። አልፈርድባቸውም፤ ሁሉም ተራው ሲደርስ እሱ ፊት ይቆማል።

"ግብሬ ለክብሬ" ሲባል ስንት ዓመት ሰማን? የእናቴ ክብር ታዲያ የት ሄደ?

የሒሳብ ባለሙያ ቅጠሪ! ቡና በኪሎ ሸጣ የምታድር ሴት ደመወዙን ከየት ታምጣው? ደግሞ አንብቢ የተባለችውን ማስታወቂያ እኔ አነበብኩት። የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው፤ ግማሹ ፊደል ጠፍቷል፤ የቀረው በአንቀጽ ቁጥር የታጨቀ ነው። ለዓመታት ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ግብር ከፋይ ደረጃ ሐ፣ ከዚያ እስከ 1 ሚሊዮን ደረጃ ለ፣ ከዚያ በላይ ደረጃ ሀ ብለን ለምደን ነበር። የፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በ2017 ሲሻሻል ደረጃው ሁለት ብቻ ሆነ፤ የሁለቱ መለያ ወሰንም 2 ሚሊዮን ብር። መልካም፤ ይሻሻል። ለእማዬ ሱቅ ግን ምን ማለት ነው? ክልሉ የራሱ አዋጅ አለው፤ እሷን የሚመለከታት የትኛው ነው? መዝገብ ትያዝ ወይስ በግምት ትከፍላለች? መንገር የነበረበት ያ መስኮት ነበር።

መዝገብ ካልኩ አይቀር፣ እማዬ ደብተር አላት። የተማሪ ደብተር፤ በግራ የገዛችው፣ በቀኝ የሸጠችው፣ ቀኑ በቅዱሳን ስም፤ "የሚካኤል ዕለት፣ 12 ኪሎ።" ባለፈው ብድር ፈልገን አበዳሪ ዘንድ ስንሄድ "የሒሳብ መዝገብና የግብር ክሊራንስ" ሲሉን ይህንኑ ደብተር አወጣችላቸው። ሰውየው ከፍቶ እንኳ አላየውም! አሥር ደቂቃ ተቀምጦ "እናቴ፣ ቀኑን እንዲህ ጻፊው፣ ከማን እንደገዛሽ እዚህ ጨምሪ" ቢላት በሳምንቱ የተስተካከለ መዝገብ ይዛለት ትመጣ ነበር። እልኸኛ ናት፤ ታውቋታላችሁ።

የአሳ ጥብስ ቤቷን ጎረቤታችንንም አልረሳሁም። የግብር ግምት ደብዳቤ የደረሳት ፍልሰታ ገብቶ ገበያው በደራበት ሰሞን ነው። ጾሙ ሲፈታ እሄዳለሁ ብላ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከፍቺው በኋላ ቆየት ብላ ስትሄድ "የቅሬታው ጊዜ አልፏል" ተባለች። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ይግባኝ ለሚሰማው ኮሚሽን ደግሞ አከራካሪ ከሆነው ግብር 50 በመቶ ማስያዝ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን ያመጣላት ሰው "እትዬ፣ 21 ቀን አለዎት" ቢላት ምን ይጎድልበት ነበር? ቆሮሶ ጠብሳ ልጆች የምታሳድግ ሴት አዋጅ ስታገላብጥ ልትውል ነው?

ለእማዬ በርጩማ የሰጣት ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከአጥሩ ውጭ ጥላ ዘርግቶ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ። ጥያቄዋን እስከ መጨረሻው ሰማት። ደረሰኝ ከሌለው ገበሬ ሲገዛ ገዢው ራሱ የሚቆርጠው የግዥ ቫውቸር የሚባል አለ፣ መጀመሪያ ግብር ቢሮው ሊፈቅደው ይገባል አላት። እግዜር ይስጠው። ይፈቀድልን ብለን ለመጠየቅ ግን ያው ወደዚያው መስኮት መመለስ አለብን። እማዬ "እኔ አልመለስም፤ ያሉኝን ከፍዬ ልረፍ" ትላለች። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው! ግብሩን በልኩ ልክፈል ያለች ሴት ያለልኩ ከፍላ ልትገላገል ነው።

ሐምሌ ሲገባ በሬዲዮ "ክፈሉ፣ ቅጣት ይመጣል" ከማለት በሰኔ አንድ ሰው የገበያ ቀን ጠረጴዛ ይዞ ቢወጣ፣ ወይ ዘጌ ወደብ ላይ ጀልባ የሚጠብቀውን ገበሬ ሰብስቦ ቢያስረዳ፣ ይህ ሁሉ ሰልፍ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

አሁን ከእናንተ የምፈልገው ይህን ነው። ከገበሬ ቡና ወይም ጌሾ እየገዛችሁ የግዥ ቫውቸር አስፈቅዳችሁ የምትሠሩ ካላችሁ፣ የትኛው ክፍል እንደሚሰጠውና ምን ምን እንደሚጠይቅ ጻፉልኝ። ሐምሌ ሳያልቅ። ነገ እኔው ራሴ እሄዳለሁ፤ እማዬን ግን ሁለተኛ እዚያ መስኮት ፊት አላቆማትም።