ከደረጃው ጀርባ ያለው ክፍል

ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ደረጃ ያስነበባችሁን ጽሑፍ፣ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ዩ.ኤስ. ኒውስ የተባለው የአሜሪካ የዜና ተቋም በሚያወጣው የዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ዝርዝር ለዓመታት አንደኛ መሆኑን ደጋግሞ ነገረን፤ ምክንያቱን ግን በአንድ መስመር አለፈው። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

ፕሪንስተን የሕክምናም ሆነ የሕግ ወይም የቢዝነስ ትምህርት ቤት የለውም፤ ስለዚህም ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚሰጠው ትኩረት ከፍ ያለ ነው። ኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነው ውድሮው ዊልሰን ዩኒቨርሲቲውን ሲመራ፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ ፕሪሴፕት የተባለውን አነስተኛ የውይይት ክፍል ጀመረ። ጥቂት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። «ጸሐፊው እዚህ ገጽ ላይ ሐሳቡን ለምን ለወጠ?» ተብሎ ሲጠየቅ ያላነበበ ተማሪ መሸሸጊያ የለውም። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል በአማካሪ እየታገዙ የራሳቸውን የመመረቂያ ጥናት ይጽፋሉ። ሁለት መቶ ሰው በታጨቀበት አዳራሽ ተምሬ፣ አንድም መምህር ስሜን ሳያውቅ ለተመረቅሁት ለእኔ፣ ትምህርት ማለት ይህ ነው።

ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. በ2001 ለተማሪዎች ድጋፍ ይሰጥ የነበረውን ብድር በማይመለስ እርዳታ መተካቱም ሊነሳ ይገባው ነበር። አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጅ ዕዳ ሳያጎብጠው እንዲመረቅ ማድረግ ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃ ብቻውንማ ያሳስታል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚሁ ዝርዝር ከ2ኛ ወደ 18ኛ የወረደው፣ የገዛ ራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር ተቋሙ ያቀረበውን መረጃ ከሞገተ በኋላ ነው። የጽሑፉ አዘጋጅ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያስተምር ቢያስነብቡን በጣም ደስ ይለኛል።